የጅማ ወንበር ጎማ ቢያወጣ

በከተሞቻችን የኮሪደር ልማት ሲሠራ ከእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መስመርም አብሮ እየተሰመረ ነው። በመስመሩ ላይ የሚሳለው ምልክት በየቦታው አንድ ነው፤ ሁለት ጎማ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ኮርቻ። ምልክቱ ለመንገደኛው መጠቆሚያ ይሁን እንጂ በውስጡ ብያኔ አለው። ብስክሌት ማለት ይህ ነው፣ መስመሩም የዚህ ነው ይላል። እኔ በዚህ ብያኔ አልስማማም። ጅማ የኮሪደር ልማት ከሚካሄድባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከመንደራ ቆጪ እስከ ጅሬን ግርጌ፣ ነገ ደግሞ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃና ወደ ሰርቦ በሚወጡት መንገዶች ጠርዝ መስመር መዘርጋቱ የማይቀር ከሆነ፣ ብስክሌት የሚለውን ቃል ከወዲሁ ሰፋ አድርገን ልንይዘው ይገባል። ሰፋ ማለቴ በሦስት ጎማ የሚሄደውን፣ በእጅ የሚዘወረውን፣ እንዲሁም ጀርባን በመደገፊያ አሳርፈው፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጋለል ብለው የሚነዱትን ብስክሌት ማካተት ማለቴ ነው።

ይህን ጋለል ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ብዙ አንባቢ አይቶት አያውቅ ይሆናል። በዓለም ላይ እንዲህ ብርቅ ሆኖ የቀረው ግን መሥራት ስላቃተው አይደለም። ቻርልስ ሞሼ የተባለ ፈረንሳዊ ለልጁ ለዦርዥ ባለአራት ጎማ የፔዳል ተሽከርካሪ ሠርቶ ነበር። ቆይቶ ያንኑ ሐሳብ ለሁለት ከፈለውና ነጂው ተንጋሎ የሚቀመጥበት ባለሁለት ጎማ ቬሎካር አወጣ። ፍራንሲስ ፎር የሚባል፣ ከዘመኑ ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ተርታ ያልነበረ ብስክሌተኛ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1933 በዚህ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ስዊዘርላንዳዊው ኦስካር ኤግ በ1914 ያስመዘገበው 44.247 ኪሎ ሜትር ለ19 ዓመት ያህል ሳይደፈር ቆይቶ ነበር። ጉዳዩ ለዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ቀረበና ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ውጤት፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 1934 ጀምሮ የኮርቻውንና የፔዳሉን አቀማመጥ በልክ የሚወስን፣ ከዚያ የወጣውን ሁሉ ከውድድር የሚያግድ ደንብ ሆነ። ኤግም ፎርም ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም በገዛ እግራቸው ነው ፔዳል የረገጡት። የተሸነፈው የመቀመጫው አቀማመጥ ነው፣ ያሸነፈውም ቃሉን የመተርጎም ሥልጣን በእጁ የነበረው ነው።

ከውድድር መታገድ ለተራው ሰው ምን ያመጣበታል የሚል ይኖራል። ብዙ ያመጣበታል። ፋብሪካ ሻምፒዮኑ የጋለበውን ይሠራል፣ ሱቅ ፋብሪካው ያመረተውን ይሸጣል፣ መለዋወጫውም ጠጋኙም የሱቁን ተከትለው ይሄዳሉ። ደንቡ የዘጋው የውድድር ሜዳውን ብቻ ቢመስልም ለአሥርት ዓመታት የተዘጋው የወርክሾፑም በር ጭምር ነው። ሥሪቱ ግን በሜዳው ላይ መመስከሩን አላቆመም። ካናዳዊው ቶድ ራይከርት እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቫዳ ውስጥ ባትል ማውንቴን በተባለ ስፍራ በተሸፈነ ተንጋላይ ብስክሌት በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር በርሯል፤ ሞተር የለም፣ ያለው የሁለት እግር ጉልበት ነው። ለእኔ ክርክር ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመኝ ሌላ ማስረጃ ነው። በእጅ የሚዘወር ብስክሌት በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ ገባ፤ ብዙዎቹ የዚህ ውድድር ነጂዎች ጀርባቸውን አንጋልለው ነው የሚቀመጡት። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ይህን ውድድር የሚመራው ያው በ1934 ደንቡን ያወጣው ኅብረት ነው። ብያኔ ሰው የሠራው ነገር ነውና ሰው ሊያሰፋው እንደሚችል ራሱ አሳይቷል።

ለጅማ የምመኘው ግን ፍጥነትን አይደለም። የተንጋላይ ብስክሌት ፍጥነት ምንጩ ነፋስን ማምለጡ ነው፤ ዝቅ ያለ ሰውነት አየሩን በቀላሉ ሰንጥቆ ያልፋል። የአየር ጫና ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ የሚያድግ ስለሆነ፣ ጥቅሙ የሚታወቀው ሜዳ ላይ በሰዓት 25 እና 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ነው። ከሂርማታ ገበያ ሽንኩርትና ዘይት ይዞ የሚመለስ ሰው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ በቂው ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው የማይወድቅበት፣ ወገቡን የማያመው፣ ዕቃ የሚሸከምለት ነገር ነው። ይህን ደግሞ ጅማ ከብስክሌት ዘመን በፊት ታውቀዋለች። የጅማ ጠራቢ ከአንድ ወጥ ግንድ ፈልፍሎ የሚያወጣው በርጩማና ወንበር በሦስት እግር ይቆማል። ሦስት እግር የመጣው ለጌጥ ብቻ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ያልተስተካከለ ወለል ላይ ይወዛወዛል፣ ባለሦስት እግሩ ግን ጎርባጣ የአፈር ወለል ላይም አንዱ እግሩ አየር ላይ አይቀርም። ባለሦስት ጎማ ብስክሌትም ወጣ ገባ መንገድ ላይ የሚረጋው በዚሁ ሕግ ነው። ተንጋላዩን ብስክሌት ከሌላው የሚለየው ዋና ነገር መቀመጫው እንደሆነ ካሰብን፣ ወንበር በመሥራት ስሟ የታወቀች ከተማ ለዚህ ሥራ ባዕድ አትሆንም።

እውነቱን ለመናገር ባለሦስት ጎማው ከእኛ ጋር ከመጣ ቆይቷል። እግራቸው የማይታዘዝላቸው ወገኖቻችን በእጅ የሚዘውሩት ተሽከርካሪ በየከተማው ይታያል። ካቴናው ከእጅ ፔዳሉ ወርዶ የፊቱን ጎማ ያዞራል፣ ነጂው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሥሪቱ ባለውለታ ነው፣ ብዙ ሰው ለትምህርትና ለሥራ አድርሷል። ጉድለቱ ግን ሊነገር ይገባዋል። መቀመጫው ከፍ ያለ ስለሆነ በፍጥነት ሲታጠፍ የአንድ ጎኑ ጎማ ከመሬት ይነሣል። የሰውየው ክብደት ያረፈው ከኋላ፣ ጉልበቱ የሚያልፈው በፊት ጎማ ስለሆነ አቀበትና እርጥብ ጠጠር ላይ የፊቱ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል። ብዙውን ጊዜ ማርሽ የለውም፤ ሜዳውም አቀበቱም በአንድ ልክ ይዘወራል። ከእግር በሚያንስ የክንድ ጉልበት ለሚሄድ ሰው ማርሽ መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ልኩ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው፤ ክንደ አጭሩም ክንደ ረጅሙም ለዚያው ብረት ይታጠፋል። የተንጋላይ ብስክሌት ሠሪዎች በአሥርት ዓመታት የሞከሩት ሁሉ እነዚህኑ ጉድለቶች የሚነካ ነው። መቀመጫን ዝቅ ማድረግ፣ መደገፊያን ማዘንበል፣ ክብደትን በጎማዎቹ መካከል ማከፋፈል፣ ከሁሉም በፊት ሰውን ለክቶ መሥራት። ሁለቱን ነገሮች በሁለት ስም ጠርተን፣ አንዱን ብስክሌት ሌላውን የሕሙማን ዕቃ ብለን ስለለየናቸው እንጂ ችግራቸውም መፍትሔያቸውም አንድ ነው።

እንዲህ ያለውን ተንጋላይ ባለሦስት ጎማ በያጅ ሊሠራው ይችላል ወይ? ይችላል። የብየዳ ቤቱን ቋንቋ እንኳ ልብ ብንል፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ቴላዮ፣ ላሜራ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን መጥተው እዚሁ ቤት ሠርተዋል፤ ሙያውም እንዲሁ። ሥራው የሚጀምረው ከብረት ሳይሆን ከልክ ነው። ሰውየው ጀርባውን ከግድግዳ አስደግፎ ወለል ላይ ይቀመጥና እግሩን ይዘረጋል፤ ከግድግዳው እስከ ተረከዙ ያለው ርዝመት በሜትር ይያዛል። ከመደገፊያው እስከ ፔዳሉ ያለው ርቀት ከዚህ ልክ ይወጣል። ለቴላዮው ሁለት ቱቦላሬ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ ሆኖ ይመረጣል፤ ውስጠኛው ፔዳሉን ይሸከምና በቡሎን ይጠበቃል። በዚህ መንገድ ወንድም ለእህት ሲያውስ ብረት መቁረጥ ሳያስፈልግ ወጣ ገባ ይደረጋል። ፔዳሉ ፊት፣ የሚነዳው ጎማ ኋላ ስለሆነ አንድ ካቴና አይበቃም፤ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ካቴና ይቀጠላል፣ መሐሉ እንዳይንጠለጠል በትንሽ ፑሌጃ ይመራል። ሁለት ጎማ ከፊት ማድረግ ለመታጠፍ ይመቻል፣ ነገር ግን መሪው እንደ መኪና ቲራንቴ ይፈልጋል፣ ጎማዎቹም በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያዙ ተራ የብስክሌት እንዝርት ይታጠፍባቸዋል። ስለዚህ ለእኛ የምመርጠው አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ያለውን ነው። የኋላ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ መያዝ ቀላል ነው፣ በመካከላቸውም ቅርጫት ይቀመጣል። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ግማሽ ኬሻ እሸት ቡና ከማሳ ወደ ማድረቂያ አልጋ ለማጓጓዝ ይህ ቅርጫት ትንሽ ነገር አይደለም። መቀመጫውንስ? ሸራ በገመድ ወጥሮ መሥራት ይቻላል፤ የወንበር ጠራቢው ዋንዛ ቢጨመርበትም አልቃወምም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ዳገት ነው፣ ትክክለኛም ተቃውሞ ነው። ተንጋላይ ብስክሌት ዳገት ላይ ፔዳሉን ረግጦ ተነሥቶ መቆም አይቻልበትም፣ ባለሦስት ጎማው ደግሞ ከባድ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ35 ኪሎ ግራም ብስክሌት፣ በየመቶው ሜትር 5 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ 70 ዋት ገደማ ይፈልጋል። የጎማው መፍተግ ተጨምሮበትም ለጤነኛ እግር የሚቻል ጉልበት ነው። በዚህ ፍጥነት ባለሁለት ጎማ ብስክሌት ይንገዳገዳል፣ ነጂው ወርዶ ይገፋል። ባለሦስት ጎማው ግን ቢዘገይም አይወድቅም፤ መሐል አቀበት ላይ ፍሬን ቆልፎ ማረፍ ይችላል። ቁልፉ ማርሹ ነው። ከአሮጌ ባለ ማርሽ ብስክሌት የሚገኝ 22 ጥርስ ያለው የፊት፣ 34 ጥርስ ያለው የኋላ ማርሽ ከ26 ኢንች ጎማ ጋር ቢገናኝ፣ አንድ የፔዳል ዙር 1.3 ሜትር ያህል ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ያዞረ ሰው 80 ሜትር ያህል ይወጣል ማለት ነው፤ የእግረኛ እርምጃ ነው። በየመቶው 10 ሜትር የሚነሣ ጥምዝ አቀበት ግን በክንድ ለሚሄድ ሰው ይከብዳል፤ ይህን አልክድም፣ እዚያ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ማገዙ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ መታየት ነው። በሚኒባስና በአይሱዙ መሐል ዝቅ ብሎ መሄድ ሞት ነው ይባላል። የውድድር ተንጋላይ ብስክሌት መቀመጫ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል፤ እሱን ጅማ ውስጥ ማንም አይንዳ። መቀመጫው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆን የነጂው ዓይን ከባጃጅ ነጂ ዓይን ብዙ አይርቅም፣ ኋላው ላይ ረጅም ባንዲራ ይተከላል፣ ማታ መብራት ይበራል። ከፍታ ሲጨምር መገልበጥ ይቀርባልና የኋላ ጎማዎቹን ርቀት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማድረግ ያስፈልጋል። ጭቃውን በተመለከተ ግን የማቀርበው መከራከሪያ የለኝም። በሐምሌ፣ ድንጋይ ባልተነጠፈበት የቀበሌ መንገድ ላይ ሦስት ጎማ ሦስት ጭቃ ይቆፍራል። ይህ የብስክሌቱ ብቻ ችግር አይደለም፤ የዊልቸሩም፣ የነፍሰ ጡሯም፣ የጋሪውም ችግር ነው። ባጃጅ እያለ ለምን የሚለው ጥያቄም ይነሣል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ ዋጋው ደጋግሞ ሲጨምር የባጃጅ ታሪፍ የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያም በላይ ባጃጅ ሰውን ይወስዳል እንጂ ሰውን ባለቤት አያደርግም። በየጠዋቱ ሌላ ሰው አንሥቶ የሚያስቀምጠው ሠራተኛና በራሱ ክንድ ወይም እግር ቢሮ የሚደርስ ሠራተኛ ውሏቸው አንድ አይደለም።

ሕጉ ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 20 መንግሥታት የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ እንዲያመቻቹ፣ ሠሪዎችንም እንዲያበረታቱ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም በአገር ደረጃ ወጥቷል። የቀረው ስፋት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብስክሌት አንድ ተራ ብስክሌት በሰላም እንዲቀድመው የአንድ አቅጣጫው መስመር 2 ሜትር ሊሆን ይገባል። ባጃጅ እንዳይገባ ተብሎ መግቢያው ላይ የሚተከለው ብረት ከ1 ሜትር በታች ክፍተት ከተወ፣ ባጃጁን ከልክሎ ያንኑ በክንዱ የሚሄደውን ሰው ይከለክላል፤ ባጃጅ ደግሞ 1.3 ሜትር ያህል ስፋት ስላለው 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር መክፈት ሁለቱንም ይለያል። መስመሩ መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ ጠርዙ ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ይሁን። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ተማሪዎች አንድ ጥሩ ንድፍ፣ ልኩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈበት፣ አውጥተው ለከተማው በያጆች ቢሰጡ ደግሞ ሥራው በአንድ የቡና ወቅት ይጀመራል። አስፋልቱ ላይ ምልክቱን የሚቀባው ሠራተኛም አንዳንድ ቦታ ሦስተኛ ጎማ ይጨምርበት።