ከሞተሩ እስከ ውሃው

አንባብያን ሆይ፤ ስተርን ድራይቭ ከሚባለው ዓይነት ሞተር ጀልባ በስተኋላ ቆማችሁ ብትመለከቱ፣ ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ውሃውን የሚገፋው ፕሮፔለር ግን በአንድ የብረት እግር ላይ ሆኖ ከውጭ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። እንግዲህ ኃይሉ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚተላለፈው የጀልባው የኋላ ግድግዳ ተበስቶ ነው። ግድግዳው ከተበሳ ውሃው ስለ ምን አይገባም? ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን የዚህ መሣሪያ ጥገና አብዛኛው የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነው። ጀልባ የሌላችሁም ብትሆኑ ገጹን አትግለጡ፤ የመምህር ደመወዝም ጀልባ አይገዛም።

ቀድሞ ጀልባ ሠሪ ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ሞተሩን በሙሉ ከኋላ ከውጭ ማንጠልጠል፣ ወይም ሞተሩን ከውስጥ አኑሮ የማይታጠፍ ረጅም ዘንግ በጀልባው ሥር ማሳለፍ። በጣና ሐይቅ ወደ ገዳማቱ የተሻገረ አንባቢ የፊተኛውን ዓይነት ሳያይ አይቀርም። ጂም ዊን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፤ የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታም በ1959 እ.ኤ.አ. «አኳማቲክ» ብሎ ለገበያ አወጣው። በ1961 የአሜሪካው መርክሩዘር ተከተለ። በዚህ አሠራር ሞተሩ እንደ አውቶሞቢል ሞተር ከባድና ብርቱ ሆኖ ከውስጥ ይቀመጣል፤ የውጭው እግር ግን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየዞረ ጀልባውን ይመራል፤ ውሃው ጥልቀት ሲያጣም ወደ ላይ ይነሣል።

የዚህ ሁሉ ምቾት ዋጋው አንድ የጎማ ወናፍ ነው። እግሩ የሚዞርና የሚነሣ ስለ ሆነ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግም አብሮ መታጠፍ አለበት፤ ለዚህም በከባድ መኪና ሥር የምታዩት ዓይነት ክሮቼራ ተገጥሞለታል። ክሮቼራውን ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተሸበሸበ ጎማ ይሸፍነዋል። በሐይቁና በጀልባው ሆድ መካከል በዚያ ቀዳዳ ላይ የቆመው ዘበኛ ይኸው ጎማ ነው። ፀሐይና ዕድሜ ያደርቁታል፤ በሽብሽቡ ውስጥ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጥቂት ሲሆን ክሮቼራው ይዝጋል፣ ኩሽኔታው ማጉረምረም ይጀምራል፤ ሲሰፋ ግን ጀልባው በወደቡ ታስሮ እንዳለ ሌሊቱን ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ በየዓመቱ እግሩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየመለሱ፣ በየሽብሽቡ መካከል በባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ስንጥቅ ከተገኘ ማጣበቂያ ቀብቶ ማሳለፍ የለም፤ መለወጥ ነው። ደኅና መስሎ ቢታይም እንኳ በየጥቂት ዓመቱ የሚለውጡት ብልሆች ናቸው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘነጋው ነገር ልምጣ። የሞተሩ ጀርባና የእግሩ ዘንግ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መገናኘት አለባቸው። በሁለት ነጥቦች መካከል የሚያልፈው ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ መሆኑን ተማሪዎቼ በቃላቸው ይሉታል፤ «ምን ይጠቅመናል?» ሲሉኝ ይህን ጀልባ እጠቅስላቸዋለሁ። በመርክሩዘርና በመሳሰሉት ሁለቱ ነጥቦች በግድግዳው ውስጥ ያለው ኩሽኔታና በሞተሩ ጀርባ ያለው ባለ ጥርስ ማያያዣ ናቸው። ሞተሩ ከኋላ በግድግዳው ላይ ታስሯል፤ ከፊት ግን ከፍና ዝቅ በሚል መቀመጫ ላይ ያርፋል። ዘመን ሲያልፍ የመቀመጫው ጎማ ይረግባል፣ ከሥሩ ያለውም እንጨት እርጥበት ሲበላው ይላላል፤ ሞተሩም በጥቂት ሚሊሜትር አፍንጫውን ይደፋል። ይህን ዓይን አያየውም። ዘንጉ ግን በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር፣ በእያንዳንዱ ዙር የማያያዣውን ጥርሶች ይፍቃቸዋል። ጥርሶቹ ያለቁ ዕለት ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ከሐይቁ መካከል ይቆማል። በመስኖ ፓምፕና በሞተሩ መካከል ያለው ማያያዣም ሕጉ ይኸው ነው።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ጀልባው ከውሃ ወጥቶ እግሩ ከተፈታ በኋላ፣ ለዚሁ የተሠራ ድፍን የብረት ዘንግ በኩሽኔታው አልፎ በማያያዣው ጥርሶች ውስጥ ይገባል። በሁለት ጣት ሲገፋ ያለ ትግል ከገባ መስመሩ ቀና ነው። ያልገባ እንደ ሆነ በግድ አያስገቡትም። ኩሽኔታው በቤቱ ውስጥ ጥቂት ያጋድላልና፣ በመጀመሪያ የዘንጉን ጎን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርጎ በመምታት ያቃኑታል፤ ከዚያም የፊት መቀመጫዎቹን ፍሬ እያዞሩ ሞተሩን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሁለቱንም ጎን እኩል። የዘንጉን ጫፍ ግራሶ ቀብታችሁ፣ አስገብታችሁ ብታወጡት፣ ጥርሶቹ ማኅተማቸውን ያትሙበታል። ማኅተሙ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ደኅና፤ በአንድ ወገን ብቻ ከጠለቀ ገና ነው። ቀጥሎም ሞተሩን ግማሽ ዙር በእጅ አዙሮ እንደ ገና መሞከር ነው። እግሩን መልሶ ሲገጥሙ አልገባ ያለውን በብሎን እየሳቡ ማስገባት ግን ጥገና ሳይሆን ማያያዣውን መስበር ነው።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። በእግሩ ውስጥ ያለው የማርሽ ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ100 ሰዓት ሥራ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ይለወጣል። ሲፈስ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አዲሱ ዘይት በታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ በላይኛው እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ቢያፈሱት አየር ከውስጥ ይቀራልና። የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ክንፉ ጎማ ስለ ሆነ፣ በደረቅ ቢያዞሩት ወዲያው ይቃጠላል። በእግሩ ላይ ተበልተው የሚታዩትን ትንንሽ ብረቶች አይታችሁ አትደንግጡ፤ የተሠሩት በእግሩ ፈንታ ለመበላት ነው። በባሕር ጨው ውሃ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም፣ እንደ ጣና ጨው በሌለው ውሃ ማግኒዚየም ይመረጣል፤ ግማሹ ሲያልቅ ይለወጣል፤ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ ግን ሥራው ይቀራል።

ሁሉ ተገጥሞ ጀልባው ወደ ውሃ በተመለሰ ጊዜ ወዲያው ሽርሽር መሄድ የለም። በወደቡ ታስሮ እንዳለ የሞተሩን ክዳን አንሥታችሁ ግድግዳውንና ከሥሩ ያለውን ወለል በጨርቅ አድርቁ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁም በሌላ ደረቅ ጨርቅ ዳስሱት። ጨርቁ እንደ ደረቀ ከተመለሰ ገመዱን ፍቱ።