የእንፋሎት ባቡሮቻችን ዝርዝር ይውጣ!

ስለ አሮጌው ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ክርክር አይጠፋም፦ «የዛገ ብረት ታቅፎ መቀመጥ ምን ይጠቅማል? በኪሎ ተመዝኖ ቢሸጥ አይሻልም?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ከምጽዋ አስመራ ያለውን መስመር ታሪክ ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1887 ጀምረውት በ1911 አስመራ ያደረሱት፣ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ የ118 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ያንን ዳገት ከሚወጡት መካከል አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ በ1938 የሠራቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ይገኙበታል። መንኮራኩራቸው በሁለት ክፍል የተከፈለ ሲሆን የፊተኛው ክፍል ከጠመዝማዛው ጋር አብሮ ይታጠፋል።

በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት መስመሩ ቆመ። ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ሎኮሞቲቮቹ ሁሉም ለቁራሌ አልተሸጡም ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ጡረታ የወጡ፣ ሰባና ከዚያ በላይ ዓመት የሞላቸው ሾፌሮች፣ ቀጥቃጮችና መካኒኮች ተጠርተው ተመለሱ። የተነቀለው ሐዲድ ተሰብስቦ ተነጠፈ። ቦይለሩም በእነዚያው ሽማግሌዎች እጅ ተጠገነ። በ2003 ባቡሩ እየጨሰ እንደገና አስመራ ገባ። ከየአገሩም የባቡር ወዳጆች ለማየት ሄዱ።

ስለዚህ ባቡሩን ያዳኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ብረቱ አለመሸጡና የሚያውቀው ሰው በሕይወት መገኘቱ። አንዱ ቢጎድል ሌላው ዋጋ አይኖረውም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ውል የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ዲዝል እስኪተካቸው ድረስ ያንን ሁሉ መንገድ የጎተቱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲመረቅ የሁሉም ሰው ዓይን ወደዚያ ዞረ።

አሁን ጥያቄዬ አጭር ነው። የቀሩት ሎኮሞቲቮች ስንት ናቸው? የትኛው የት ቆሟል? የፋብሪካ ቁጥሩ ስንት ነው? ኃላፊው ማን ነው? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲያስመዘግብ ያዛል። ስለዚህ የምጠይቀው ውለታ ሳይሆን ሕግ ነው።

«አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ባቡሩን አስነሱልን አላልኩም፤ ሚሊዮኖች ይመደቡም አላልኩም። ለዝርዝር የሚያስፈልገው ካሜራ፣ መዝገብና ጥቂት ሳምንት ነው። ይህን ለማድረግ ድህነት ምክንያት አይሆንም።

ሦስት ነገር ይደረግ፦

1. ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ ያለው እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ ተቆጥሮ፣ ፎቶ ተነስቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

2. ቆጠራው ሳያልቅ ከባቡር ግቢ አንድም ብረት በጨረታ አይውጣ።

3. በድሬዳዋ ወርክሾፕ የሠሩ አንጋፋዎች ወጣት ቴክኒሻን አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያውቁትን ይቅዳ። ክፍያም ይከፈላቸው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይቅደም። ብረቱ ጥላ ሥር ከዋለ ጥቂት ዓመት ይታገሣል፤ ሽማግሌዎቹ ግን በየዓመቱ እየተለዩን ነው።