አሮጌው ዙም ሌንስ ይናቃልን?

የማኅበራችን የፎቶግራፍ ክፍል ምን ዓይነት ሌንስ ይግዛ በሚለው ነገር ክርክር መነሣቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንደኛው ወገን ያለው ገንዘብ ተጠራቅሞ በራሱ የሚያጠራ አንድ አዲስ ሌንስ ይገዛ ይላል። እኛ ግን በዚያው ገንዘብ የዛሬ 40 እና 50 ዓመት የተሠሩ፣ በእጅ የሚዞሩ ሦስት አራት ዙም ሌንሶች ይገዙ ባዮች ነን። ሐሳባችሁ ከንፍገት የመጣ ነው ብለው የሚያሙን ስላሉ፣ ምክንያታችንን ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን በዚህ ወረቀት ልንገልጽ ወደድን።

ዙም ሌንስ ማለት እኛ ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ሩቁን የሚያቀርብ፣ ቅርቡንም የሚያርቅ፣ በውስጡ ያሉት መስተዋቶች ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱለት ሌንስ ነው። በፊልምና በቴሌቪዥን አስቀድሞ ይሠራበት ነበር። ለ35 ሚሊ ሜትር የፎቶግራፍ ካሜራ የመጀመሪያው የወጣው ግን እ.አ.አ. በ1959 ነው። ይኸውም በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ባክ የነደፈው፣ በፎክትሌንደር ስም የተሸጠው፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ዙማር ነው። ኒኮን በ1963 ከ43 እስከ 86 ሚሊ ሜትር የሚሄደውን አወጣ፤ እሱም ብዙ ተሸጠ፣ ስለ ጥራቱ ግን ብዙ ታማ። ጥሩ ጥሩዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1970ዎቹ የወጣው ከ70 እስከ 210 የሚደርሰው ቪቪታር ሲሪዝ 1 እስከ ዛሬ ድረስ ወዳጅ አላጣም። በ1985 ሚኖልታ 7000 የተባለው በራሱ የሚያጠራ ካሜራ በወጣ ጊዜ የእጁ ሌንስ ገበያ እየቀዘቀዘ ሄዶ ከብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ተረሳ። መስተዋቱ ግን ሥራውን አልረሳም።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አዲስ ሌንስ ከውጭ ማስመጣት ለተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያሻም። አንዱን ውድ ሌንስ ገዝተን ደግሞ ማን ይዞት ይሄዳል? በሣጥን ተቆልፎ የሚኖር፣ ለማየትም ደብዳቤ የሚጻፍበት ዕቃ እንዲሆን አንሻም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኛ የምንከራከረው ስለ ትምህርቱ ነው። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ትክል ድንጋይ ላይ ቆሞ የአርማጭሆን ሸንተረር በአሮጌ ዙም ሌንስ ያነሣ ሰው የምንለውን ያውቀዋል። መጀመሪያ ቱቦውን እስከ ሩቁ ድረስ ይስባል፤ በዚያ ቀለበቱን አዙሮ ያጠራል፤ ከዚያ በኋላ ወደሚፈልገው ስፋት ይመልሳል። በደንብ በተሠራ ዙም ላይ ያጠራው ነገር እንደጠራ ይቆያል። ብርሃኑን የሚመጥንበትንም ቀለበት ራሱ በጣቱ ይቆጥራል። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም መሣሪያ ስለሌለው፣ በ200 ሚሊ ሜትር ሲያነሣ ፍጥነቱን ከሰከንድ 1/250ኛ ባያሳንስ፣ አለዚያም ክርኑን በድንጋይ ካብ ላይ ቢያስደግፍ ይሻለዋል። በትክል ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ አይቸግርም። ይህን ሁሉ አዲሱ ሌንስ በራሱ ስለሚያደርገው፣ ተማሪው ሥዕሉ ለምን እንደሠመረ ወይም ለምን እንደደበዘዘ ሳያውቅ ዓመት ይጨርሳል። አባቶቻችን 36 ሥዕል ብቻ በሚይዝ ፊልም ሲማሩ እያንዳንዱ ስሕተት ገንዘብ ያስወጣቸው ነበር፤ እኛ በዛሬው ዲጂታል ካሜራ ላይ አሮጌውን ሌንስ ገጥመን ስሕተታችንን ወዲያው በነጻ እናያለን። እንዲህ ያለ ዕድል ለማንም አልደረሰም ነበር።

ጉድለቱን ብንደብቅ ግን ታማኞች አንባልም። በአንድ እጅ የሚገፋውና የሚሳበው ቱቦ ሲያረጅ ይላላል፤ ከገደል አፋፍ ቁልቁል ስናነጣጥር በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ሰፊ የላስቲክ ቀለበት ብናጠልቅለት ይይዘዋል። ፀሐይ ከፊት ስትመታው ሥዕሉ በጭጋግ የተሸፈነ ይመስላል። የመስቀልን ሰሞን አደይ አበባ ከፀሐይ ትይዩ ለማንሣት የሚሞክር በእጁ መዳፍ ይከልለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ በጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለሚያነሣ ሰው ይህን ሌንስ አንመክርም፤ በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ብዙዎቹ አሮጌ ዙሞች ሰነፎች ናቸውና የ50 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ሌንስ ይበልጣቸዋል። ለሰሜን ተራሮች ዋልያ ረጅሙ ጫፍ የግድ ያስፈልጋል፤ ጭላዳ ግን ሣሩን እየነጨ ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቅ፣ በሩቅ ሌንስ የሚያነሣው ሰው ስንፍናው ብቻ ይታያል።

በግዢም ጊዜ ዐይን ያስፈልጋል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ መኖሩን ማየት፣ የብርሃን መግቢያው ስስ ብረቶች ዘይት እንዳልነካቸው መመርመር ይገባል። ከገዙም በኋላ በክረምት በቆዳ ከረጢት ውስጥ አለመተው ነው፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሻጋታ ያሳድጋል። ሁሉም ሌንስ ለሁሉም ካሜራ አይሆንም። የድሮው የኒኮን ሌንስ በተራ አዳፕተር በካኖን ዲጂታል ካሜራ ላይ ይሠራል፤ የድሮው የካኖን ኤፍዲ ሌንስ ግን መስተዋት ባለው የካኖን ዲጂታል ካሜራ ላይ በተራ አዳፕተር ቢገጠም ሩቁን ማጥራት አይችልም። አንዳንዱ አነስተኛ የኒኮን ካሜራ ደግሞ አሮጌ ሌንስ ሲገጠምለት የብርሃን መለኪያው ዝም ይላል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ የክፍሉን ካሜራዎች ቆጥሮ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሩቅ የሚያይ ሌንስ ሰው ሳይፈቅድ ሰውን ለማንሣት ይመቻል፤ ከተቃዋሚዎቻችንም አንዳንዶቹ በዚሁ ነገር ይከሱናል። ክሱ ከባድ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አባቱን ያጣው ልዑል ዓለማየሁ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ሴት ካሜራ ፊት ተቀመጠ። የዚያን ሕፃን ፊት ዓለም ያወቀው በሌላ ሰው ምርጫ ነው። የአርማጭሆን ገበሬ፣ የገበያውን እናት፣ የታቦቱን ተሸካሚ ካህን እኛም ከሩቅ ተደብቀን ብናነሣቸው ከዚያ በምን እንሻላለን? በዚህ ላይ ሰላም ባልጸናበት ዘመን በተራራ ላይ ጥቁር ረጅም ቱቦ የሚያነጣጥር ወጣት ምን ሊመስል እንደሚችል ለማንም አይጠፋም።

ነገር ግን የእጁ ሌንስ በባሕርዩ ለመስረቅ አይመችም። ቀለበቱ እስኪዞር፣ እስኪጠራ ድረስ ተነሺው ያየናል፤ ካየን ደግሞ ይጠይቀናል፤ «ምን ታደርጋለህ ልጄ?» ይላል። ቀድመን «እንደምን ዋሉ አባባ፣ ባነሣዎ ይፈቅዳሉ?» ብንል ግን ሌንሱ ቢዘገይም ሰውየው ይታገሠናል፤ ጥቂት ቆይቶም መነሣቱን ረስቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር ላይ ፊቱን ሳንጋፋው እናገኘዋለን። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ያወጣ የነበረው ሰውን በቤቱ ተገኝቶ ለማወቅ ነበር። የፎቶግራፍ ክፍላችንም ከዚያ መንገድ ባይወጣ ደስ ይለናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ሌንሶቹ ይገዙ፤ ለእያንዳንዱም የተረካቢ መዝገብ ይከፈትለት፤ ማንም ተማሪ ለ15 ቀን ይዞ ወደ ቀዬው ይሂድ። ሲመለስ ሥዕሎቹን ከሌንሱ ጋር ያስረክብ፤ ከሥዕሎቹም አንዱ ታትሞ ለተነሣው ሰው ይላክ። የማተሚያውን ወጪ በሚመለከት ገንዘብ ያዡ በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ይዞ እንዲቀርብ ከወዲሁ እናሳስባለን።