ጥርሱን በሽቦ ስላሳሰረ ተማሪ

በመስቀል ፍላወር ሰፈር በትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት የቆመ ሰው፣ ጥርሳቸውን ብሬስ በሚባለው ሽቦ ያሳሰሩ ልጆች ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ምሳውን ሳይነካ ይመልሳል፤ ወላጁም ደንግጦ «ይውለቅለት» ይላል። በእኔ አሳብ ጥፋቱ የሽቦው ሳይሆን፣ ሕመሙ እንደሚመጣ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው።

ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው፣ ጥርስን ከመንጋጋ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ይቆጣል። ሕመሙ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ በማግሥቱ ይበረታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ7 ቀን ውስጥ ይበርዳል።

እስከዚያው አጥሚት፣ ገንፎና በሚገባ የራሰ ፍትፍት ይብላ። ቆሎና ሸንኮራ አገዳ ግን ሽቦው እስኪፈታ ድረስ ይቅሩ፤ ማያያዣውን ከጥርሱ ያላቅቃሉና። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ የተላጠ ጉንጭን ያስታግሣል። ሽቦው የሚወጋበትን ስፍራ ሐኪሙ በሚሰጠው ሰም መሸፈን ነው። ሕመሙ ቢጠና ፓራሲታሞል ለዕድሜው በተወሰነው ልክ ይዋጥ። አስፕሪን በድድ ላይ ማኖር ወይም አረቄ በአፍ መያዝ ግን ድዱን ከማቃጠል በቀር የሚረባ ነገር የለውም።

መፋቂያ እወዳለሁ፤ ነገር ግን እንጨቱ በሽቦው ሥር ስለማይገባ፣ ለጊዜው ለስላሳ ብሩሽ ይተካው።

መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለው ተማሪ በዚያ ሳምንት ሲያነብ ቢኰላተፍ አትቈጡት። ሽቦው ቢሰበር ወይም ሕመሙ ከሳምንት ቢያልፍ፣ በቤት ጉጠት ሳይነካካ ወዳሰረለት ሐኪም ይመለስ።