ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡን ለቄስ! የፒክአፕ ላይነር ማንን ነው የሚጠብቀው?

ሰውየው እህል ነጋዴ ነው። ደብል ካቢን ሃይሉክሱን ሶማሌ ተራ ወዳለ ጋራዥ ይዞ የመጣው ለትንሽ ነገር ነበር። የካሶኒው ጎን ግድግዳ ነክቶ ጎድጉዷል፤ እንዲቃናለት ፈልጎ ነው። ሽማግሌው ባትላሜራ ዞር ዞር ብሎ አየና "መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይነሳ" አለ።

"ለምን ጋሼ? እሱ እኮ ምንም አልሆነም። መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ተነስቶ አያውቅም።"

"እሱ ነው የሚያስፈራው ልጄ።"

ብሎኖቹ ተፈቱ። ሁለት ረዳቶች ጥቁሩን ፕላስቲክ ጎትተው አወጡት። ከሥሩ የስምንት ዓመት ጥራጊ ተገኘ፦ የበሰበሰ ገለባ፣ አሸዋ፣ እርጥብ ጭቃ፣ በጭቃው መሐል ደግሞ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ቀይ ላሜራ። ባትላሜራው ካቻቢቴውን ጥግ ላይ ጫን ሲያደርገው ያለምንም ትግል ወደ ታች አለፈ።

"መኪናው ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስምንት።"

"ከላይ ስምንት ነው። ከታች ግን ሠላሳ ሞልቶታል።"

ይህ የአንድ ነጋዴ መጥፎ ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ መጻፍም ባላስፈለገ። ነገሩ ግን የአገዛዛችን ጠባይ ነው። ፒክአፕ ሲገዛ "ላይነር አለው?" ተብሎ ይጠየቃል። "አለው" ከተባለ ወሬው ተዘጋ! ምን ዓይነት ነው? እንዴት ተገጠመ? ሥሩ ታይቶ ያውቃል? የሚል ገዢ ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ "እሱን እኛ በነጻ ገጥመንልሃል" ይላል። ገዢው አመስግኖ ይሄዳል።

እስቲ ስለ ዕቃው እንነጋገር።

ተገጣሚው ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከፖሊኢቲሊን የተሠራ ነው፤ ከጀሪካን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ጠንካራ ነው፣ አይዝግም፣ ድንጋይ ቢወድቅበት ላሜራውን ከመጎድጎድ ያተርፋል። ይህን መካድ አይገባም። ጣጣው ከላሜራው ጋር የማይጣበቅ መሆኑ ነው። በፕላስቲኩና በካሶኒው መካከል ክፍተት ይኖራል። በዚያ ክፍተት ውሃ ይገባል፣ አቧራ ይገባል፣ አሸዋ ይገባል። መኪናው ኮብልስቶን ላይ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፕላስቲኩ አሸዋውን ይዞ ቀለሙን ይፍቃል። ያለ ክፍያ ቀን ከሌት የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ቀለሙ ካለቀ በኋላ እርቃኑን የቀረው ብረት ፀሐይም ነፋስም ከማያገኘው እርጥበት ጋር ይቀራል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ደግሞ ካሶኒው ከውስጥ ኩሬ ይሆናል። በዚህ ላይ አንዳንዱ ገጣሚ ብሎን ለማስገባት ላሜራውን ይበሳና የተበሳውን ጠርዝ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ይገጥመዋል። ዝገቱ በር ተከፈተለት።

የኛ ጭነት ምን እንደሆነ ደግሞ አይረሳ። ከአፍዴራ የመጣ ጨው፣ ዩሪያ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ለበዓል የተገዛ በግ። ጨውና ማዳበሪያ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፤ የበግ ሽንት ራሱ ጨው አለበት። ክፍት ላሜራ ላይ ቢፈስ ባልዲ ውሃ ይጠርገዋል። ከፕላስቲኩ ሥር ከገባ ግን ማን ያየዋል?

"ግን እኮ ያምራል፤ ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል" የሚል አለ። እውነቱ እዚህ ላይ ይወጣል! ብዙው ሰው ላይነር የሚገዛው ለካሶኒው አስቦ ሳይሆን ለቀጣዩ ገዢ ዓይን ነው። ቀጣዩ ገዢ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሳያይ ይገዛል፣ እሱም በተራው ሳያነሳ ይሸጣል። የተበሳው ካሶኒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ አንዱ ምስኪን እጅ ላይ ይፈርሳል። ይህ ጥበቃ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ማታለል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ አገር በሽታውን የደበቀ ዋጋ ጨምሮ ይሸጣል።

ጉዳዩ ቅንጦት እንዳይመስል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። መኪና በቀላሉ የሚተካበት ዘመን አይደለም። በእጅ ያለ ፒክአፕ የስንት ቤተሰብ እንጀራ ነው። ካሶኒው ሲበሳ የሚበሳው ያ እንጀራ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? "የሚረጨው ነዋ!" የሚሉ አሉ። ፖሊዩሪያ ወይም ፖሊዩሬታን የሚባለው ሽፋን በትክክል ከተሠራ በእርግጥ የተሻለ ነው። ከላሜራው ጋር ስለሚጣበቅ ውሃ የሚገባበት ክፍተት አይኖርም፤ ላዩ ሻካራ ስለሆነ ጭነትም አያንሸራትትም። "በትክክል ከተሠራ" የምትለዋ ቃል ላይ ግን ብዙ ገንዘብ ቀልጧል። ሥራው ያለው ከመርጨቱ በፊት ነው፦ ካሶኒው ይታጠባል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ዝገት ካለ እስከ ብረቱ ይጸዳል፣ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ይህን ሁሉ ዘሎ ጠዋት ተቀብሎ ከቀትር በፊት "ጨርሻለሁ" የሚል ሰው ዝገቱን ጥቁር ካፖርት አለበሰው እንጂ አላዳነውም። እንደዚያ ያለ ሽፋን ከጠርዙ መላጥ ሲጀምር ከፕላስቲኩ የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ቢያንስ ይነሳል። ቆይቶ ካሶኒው ቢጋጭም ባትላሜራው ሽፋኑን ፍቆ ሳያወርድ ላሜራውን ማየት አይችልም።

ስለ ረጪው ልጅም የሚናገር የለም። የዚህ ሽፋን አንዱ ክፍል አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው፤ በሥራ ቦታ ከሚመጣ አስም ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ መሆኑ በሕክምና የታወቀ ነው። አንዴ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ ትንሿም ትነት ታሳምመዋለች። በተዘጋ ክፍል አፉን በሻሽ አስሮ የሚረጭ ልጅ ያለበት ቤት ርካሽ ዋጋ ቢጠራ አይደንቅም፤ ቀሪውን ዋጋ ልጁ በሳንባው ይከፍላል። ንጹሕ አየር የሚያደርስ መተንፈሻ የሌለው ቤት መኪና ሊሰጠው አይገባም።

ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው ግን ማንም የማያሞግሰው ዕቃ ነው፦ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ። አያብለጨልጭም፣ ጎኖቹን አይሸፍንም፣ ለፎቶም አይሆንም። ወለሉን ግን ከምት ያድናል፤ ፕላስቲክ ላይ የሚንሸራተተውን ሣጥንና በርሜል ጨምድዶ ይይዛል። ከሁሉም በላይ ተጠቅልሎ ይወጣል። ከሥሩ ውሃ አይገባም ማለት አይደለም፤ ይገባል። ግን አንድ ሹፌርና አንድ ረዳት በአሥር ደቂቃ አንስተው፣ ጠርገው፣ አድርቀው ይመልሱታል። ድንጋይና ብረት በየቀኑ የሚጭን ሰው ለጎኖቹ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ቢጨምርበት ይበቃዋል።

ስለ ዝገት ይህን ያህል ካልን ስለ እሳት ሳይነገር አይታለፍ። ቤንዚን በቱቦ ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ከሆነ ሙሉ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ያገኛል። ካሶኒ ውስጥ ፕላስቲክ ላይ ከተቀመጠ ግን መውጫ ያጣል፤ ከቱቦው አፍ ጋር ሲገናኝ ብልጭ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክአፕ ላይ እንዳሉ በሚሞሉ የነዳጅ መያዣዎች ስለሚነሳ ቃጠሎ ይህንኑ አስጠንቅቋል። መያዣው ብረት ቢሆንም አደጋው አይቀርም። የጎማ ምንጣፍም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ለጄኔሬተርም ሆነ ለውሃ ፓምፕ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው መያዣውን አውርዶ መሬት ላይ አስቀምጦ ይሙላ። ሃያ ሊትር ማውረድና መጫን የሰለቸው ሰው ማደያውንና ራሱን በአንድ ብልጭታ ያስይዛል።

ጥያቄው ከባድ አይደለም። ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት "ላይነሩ ይነሳልኝ" ይበል። ሻጩ "እሱ ይቅር፣ ብሎኑ አይፈታም" ካለ መልሱ ተሰጥቷል፤ ቁልፉን መልሶ መሄድ ነው። አዲስ መኪና የሚያቀርብ ድርጅት "በነጻ ገጠምን" ከማለቱ በፊት የበሳውን ቀዳዳ ያሳይ። ለመሥሪያ ቤት ፒክአፕ የሚገዛ ሹም ሰነዱ ላይ "ላይነር ያለው" ብሎ አይለፈው፤ ዓይነቱን ይጻፍ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚነሳም ይጻፍ። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ላሜራ ነው!

ፕላስቲኩ ያለው ሰውም ነገ ይጣለው የሚል የለም። በዓመት ሁለቴ ያንሳው፤ አንዴ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም። ለእንቁጣጣሽ ቤቱን አራግፎ የሚያጸዳ ሰው ቤቱን የሚያበላውን መኪና አንድ ቀን ቢያራግፍ ምን ይጎዳዋል?

እህል ነጋዴው በመጨረሻ ወለሉን አስቆርጦ በአዲስ ላሜራ አስበየደ። ለጎኑ ጉድጉድ ብቻ ይዞት የመጣው ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያው እንኳ አልበቃም። ሲወጣ ባትላሜራው "ፕላስቲኩን ልመልሰው?" ብሎ ጠየቀው።

"ተወው ጋሼ። ከእንግዲህ እያየሁት ልጫን።"