ለፕሮክሲ ለምን እንከፍላለን?

በመካ ሚስፈላም ሆነ በጅዳ የምትሠሪ እህቴ፣ ስልክሽ ላይ ቪፒኤን አለ? በየወሩ ትከፍይበታለሽ ወይስ በነጻ ያገኘሽው ነው? መልስሽ የትኛውም ቢሆን ቆም ብለሽ ልታስቢበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ። የተከፈቱት ከአምስት ወር በኋላ ሐምሌ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እዚህ ያለሽው አንቺ ቴሌግራምሽ ይሠራ ነበር፤ አገር ቤት ያለችው እናትሽ ግን ያለ ቪፒኤን መልእክትሽን ማየት አትችልም ነበር። ጥሩው ቪፒኤን ደግሞ በዶላር ካርድ የሚከፈልበት ነው። ያን ካርድ ከየት ታመጣ ነበር? ስለዚህ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከአንቺ ደመወዝ ላይ ይነሳ ነበር፤ ካልሆነም እናትሽ ያገኘችውን ነጻ መተግበሪያ ትጭን ነበር።

ነጻው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኦናቮ የሚባለውን መተግበሪያ አስታውሺ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዝቶ መረጃችሁን እጠብቃለሁ እያለ በነጻ ሲያቀርብ፣ ሰዎች በስልካቸው ምን እንደሚጠቀሙ ይሰበስብበት ነበር። በዚህም ምክንያት የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2023 የኩባንያውን ሁለት ቅርንጫፎች 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣ።

ታዲያ መክፈሉ ይሻላል ልትዪ ትችያለሽ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ቪፒኤን የሚሸጥ ድርጅት ሰርቨር ይከራያል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ዋጋ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ፕሮክሲ ማስገቢያ ግን በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ አድራሻ የሚጻፍባት ትንሽ ሳጥን ናት። ሰርቨሩን የሚያቆመው ሌላ ሰው ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ይህችኑ ሳጥን በክፍያ ሲቆልፉ፣ ያስከፈሉት ለአገልግሎት ሳይሆን ለማለፊያ ነው። ገንዘብ ካስፈለጋቸው ትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የሚፈልጉትን ነገር ይሽጡ። ያ ልማድ ወደ እኛ ስልክ ከመጣ የሚጎዳው መክፈል የማይችለው ነው።

በነጻ መስጠት እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። ቴሌግራም ፕሮክሲ ማስገቢያውን ለሁሉም በነጻ ከፍቶታል፤ ዋትስአፕም በጥር 2023 ተከተለው። ሁለቱም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ዳታን የሚመለከተውን ክፍል ስትከፍቺ "ፕሮክሲ" የሚል ታገኛለሽ። "ፕሮክሲ ላስገባልሽ" ብሎ ሪያል የሚጠይቅሽ ካለ፣ እየሸጠልሽ ያለው ቀድሞም ስልክሽ ውስጥ ያለውን ነው።

ጥንቃቄ ግን አይለይሽ። አድራሻውን ከምታምኚው ሰው ብቻ ተቀበዪ። የዋትስአፕ መልእክትሽን ማንበብ ባይችልም፣ የፕሮክሲው ባለቤት የኢንተርኔት አድራሻሽን ያያል። በማታውቂው ነጻ ቪፒኤን ላይ ሆነሽ የባንክ መተግበሪያ አትክፈቺ። ያለሽበትን አገር ሕግ አክብሪ፤ የተከለከለ ገጽ ለመክፈት መጠቀም ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ደግሞም በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል እንደሆነው የሞባይል ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ፣ የተከፈለበትም ያልተከፈለበትም አይሠራም። በዚያ ቀን መስመሩን አሳልፋለሁ ብሎ ለሚሸጥልሽ ሰው ገንዘብሽን አትስጪ።

ደመወዝሽ የድካምሽ ዋጋ ነው። የእናትሽን ድምፅ ለመስማት ለካርድና ለኢንተርኔት ከፍለሻል። ለበሩም ደግመሽ መክፈል የለብሽም።