የጣናው መንጋ ስለ ነባሮቹ አይመሰክርም

ጣና ዳር ክሬን የተባለው ወፍ በሺዎች እየታየ ስለ መመናመኑ ማውራት ከንቱ ነው፤ ረግረጉ ተጠንፍፎ ቢታረስ ይሻላል የሚል አስተያየት በጽሑፍ ሲቀርብ ይነበባል። አስተያየቱ ከመነሻው ስቷል።

በበጋ ጣና ዙሪያ ካጨዳ የተረፈ እህል የሚለቅመው ግራጫ ክሬን እንግዳ ነው። የሚራባው ሩሲያን በመሰሉ አገሮች ሲሆን፣ ብርዱን ሽሽት ይመጣል። የእሱ መብዛት ስለ ነባሮቹ ምንም አይናገርም።

ነባሮቹ ሁለት ናቸው፤ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬንና ከአገጩ ሥር ነጭ ቆዳ የሚንጠለጠልበት ክሬን። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም ለመጥፋት ተጋላጭ ብሏቸዋል። ባሌ ተራሮችና የሐዲያው ቦዮ ረግረግ ላይ የሚታየው ሁለተኛው፣ ጎጆውን ውኃ በከበበው ሣር ላይ ይሠራል፤ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ነው። ጫጩቱ ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። በዚህ መሐል ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ከፈሰሰ የዓመቱ ድካም ሁሉ ገደል ገባ።

ረግረግ ሥራ ፈት መሬት ነው መባሉም ሐሰት ነው። በበዓል ዋዜማ መርካቶ ራጉኤል አካባቢ የሚሸጠው ቄጠማ የእርጥብ መሬት ሲሳይ ነው። የኢሉባቦር ገበሬም የቤቱን ክዳን የሚያጭደው ከረግረግ ነው። ስለዚህ ምርጫው ወፍ ወይስ ሰው የሚል አይደለም፤ በመራቢያ ወራት ቦይ አለመክፈት፣ ከብትን ከጎጆው ማራቅ፣ ሣሩንም ጫጩቱ ከበረረ በኋላ ማጨድ ይቻላል።